ሰዓታችሁ የዋሸውን ሩጫ ስለማረም፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ጠዋት ጠዋት ከፒያሳ ወደ አዘዞ የምትወርዱም፣ የጎሃን ዳገት የምትገፉም ሰሞኑን የምትጠይቁኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ በስልክ ወይም በእጅ ሰዓት የተመዘገበ ሩጫ ሲሳሳት እንዴት ይታረማል? ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ስላለኝ ጠይቁ። አብዛኞቻችሁ ስትራቫ የተባለውን የሩጫ መመዝገቢያ መተግበሪያ ስለምትጠቀሙ መልሴ ወደዚያ ያመዝናል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ምንም ነገር ከመቁረጣችሁ በፊት የመጀመሪያውን ፋይል አውርዳችሁ አስቀምጡ። በኮምፒውተር ስትገቡ በሩጫው ገጽ ላይ ሦስት ነጥቦች አሉ፤ እነሱን ስትጫኑ ‹ኤክስፖርት ኦሪጅናል› የሚል ይመጣላችኋል። ፋይሉ በእጃችሁ ካለ ቢበላሽም መመለሻ አላችሁ።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ጋሼ፣ ከፒያሳ አዘዞ ድረስ ሮጥኩና በባጃጅ ተመለስኩ። ሰዓቱን ማቆም ረስቼ 24 ኪሎ ሜትር ሮጠሃል ይለኛል። ጓደኞቼ መሳቂያ አደረጉኝ።

ይሳቁ፤ ይህ ያልደረሰበት ሯጭ ጥቂት ነው። ሩጫውን በኮምፒውተር ክፈትና የፍጥነቱን መስመር ተመልከት። በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ሲሄድ የነበረው መስመር መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ባጃጅ ስትጠብቅ ነው። ከዚያ በድንገት በኪሎ ሜትር ወደ 2 ደቂቃ ይገባል። የሩጫህ ማብቂያ ከመቆሚያዋ በፊት ያለችው ነጥብ ናት። ሦስቱን ነጥቦች ተጭነህ ‹ክሮፕ› የሚለውን ምረጥ፤ የመጨረሻውን ምልክት ወደ ግራ እየሳብክ እዚያች ነጥብ ላይ አድርሰህ አስቀምጥ። ርቀቱ፣ ጊዜውና አማካይ ፍጥነቱ እንደገና ይሰላሉ።

ባጃጁ መሐል ላይ ከሆነ፣ ማለትም ሮጠህ፣ ተሳፍረህ፣ ወርደህ ደግሞ ከሮጥክ፣ ክሮፕ አይሠራልህም። ያን ጊዜ ‹ስፕሊት› የሚለውን ተጠቀም፤ መዝገቡን ለሦስት ከፍለህ መካከለኛውን ሰርዘው። ስፕሊት በኮምፒውተር እንጂ በስልኩ መተግበሪያ ላይ አትፈልገው።

እንዳለ ልተወው እንዳትል። በዚያ ፍጥነት 5 ኪሎ ሜትሩን በ10 ደቂቃ ጨረስክ ማለት ነው። የቀነኒሳ በቀለ የ5,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን 12፡37.35 ለ16 ዓመታት ሳይደፈር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ሞናኮ ላይ ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ያሻሻለው ወደ 12፡35.36 ብቻ ነው። አንተ በባጃጅ ሁለቱንም አሸነፍክ! በየመንገዱ ቁራጭ፣ እነሱ ሴግመንት በሚሉት ላይ፣ በላባቸው ደረጃ የያዙ ልጆች ካንተ በታች ይወርዳሉ፤ አንዱ ሪፖርት ሲያደርግህም ቅር አይበልህ።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ሰዓቴን ቤት ረስቼ ስለነበር ሩጫውን በእጄ አስገባሁት። ጠዋት 12 ሰዓት ብዬ ብሞላም እኩለ ቀን ላይ አስቀመጠብኝ።

መተግበሪያው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በእሱ 6፡00 ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት 18፡00፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት 5፡00። ሩጫውን ከፍተህ ‹ኤዲት› በልና ሰዓቱን ለውጥ፤ በእጅ የገባ መዝገብ ላይ ይህ ይፈቀዳል። በጂፒኤስ የተመዘገበ ከሆነ ግን ጊዜው ከፋይሉ ውስጥ ስለሚመጣ ከላይ አይቀየርም።

ስለ ፋይሉ ካነሳሁ አይቀር፦ የሩጫው ነጥቦችና ሰዓቶች የሚቀመጡበት የጂፒኤክስ ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ይከፈታል። ከፍታችሁ 03፡15 የሚል ብታዩ አትደንግጡ። እዚያ ላይ የሚጻፈው የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው፤ ሦስት ሰዓት ስትጨምሩ 6፡15፣ በእኛ ከጠዋቱ 12፡15 ይሆናል። ‹ሰዓቱ ተሳስቷል› ብለው ፋይሉን በእጃቸው ያረሙና የጠዋቱን ሩጫ ወደ ሌላ ጊዜ የወሰዱ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ጥያቄ፦ 9.87 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። 10 ላድርገው?

አታድርገው። 130 ሜትር ቀርቶሃል፤ ነገ ሩጠው።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ በመም ላይ 10 ዙር ሮጥኩ፤ 4 ኪሎ ሜትር መሆን ሲገባው ሰዓቴ 4.25 አለኝ። ይኼንንስ ላርመው?

ይህ ከላይኛው ጥያቄ ይለያል። የላይኛው ጠያቂ ያልሮጠውን ሊጨምር ነው፤ አንተ ደግሞ መሣሪያው የጨመረብህን ልትቀንስ ነው። እግር ያልሄደው አይጨመር፤ መሣሪያው የሳተው ይታረም፤ እኔ የምለያቸው በዚህ ነው።

ጂፒኤስ በመም ላይ የሚስተው ኩርባው ስለሚደጋገምበት ነው። በየነጥቡ የምትፈጠረው የጥቂት ሜትር ስህተት በየዙሩ ትደመራለች። መጀመሪያ ግን በየትኛው መስመር እንደሮጥክ ራስህን ጠይቅ። 400 ሜትር የሚሆነው የውስጠኛው መስመር ብቻ ነው። እያንዳንዱ መስመር 1.22 ሜትር ስፋት ስላለው ወደ ውጭ በወጣህ ቁጥር ዙሩ በ7.7 ሜትር ገደማ ይረዝማል። አራተኛው መስመር ላይ 10 ዙር ከሮጥክ ከ200 ሜትር በላይ ትርፍ በእግርህ ሄደሃል፤ ሰዓትህም ያን ያህል አልዋሸም።

ስትራቫ ላይ ‹ኮሬክት ዲስታንስ› የሚል አለ፤ እሱ ግን ርቀቱን ከጂፒኤስ ነጥቦቹ እንደገና ስለሚያሰላ እዚህ ላይ አይጠቅምህም፤ የተሳሳቱት ራሳቸው ነጥቦቹ ናቸውና። የጋርሚን ሰዓት ተጠቃሚ ከሆንክ ጋርሚን ኮኔክት በሚባለው መተግበሪያው ርቀቱን በቀጥታ መጻፍ ትችላለህ። ያ እርማት ግን ቀድሞ ወደ ስትራቫ የተላለፈውን መዝገብ አይለውጥም፤ ሁለቱ ቦታዎች ላይ የተለያየ ቁጥር ብታይ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለወደፊቱ ሰዓትህ የመም ሩጫ የሚል ምርጫ ካለው ከመጀመርህ በፊት እሱን ምረጥ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ–አዘዞ ደርሶ መልስ ከጓደኛዬ ጋር ጎን ለጎን ሮጥን። የእሱ ሰዓት 190 ሜትር ዳገት ሲል የእኔ 420 አለ። የማንኛችን ነው ልክ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዘዞ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ 1,990 ሜትር ግድም ነው። በመልሱ የምትወጡት የተጣራ ዳገት ከመቶ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ መሐል ላይ ያሉትን ውጣ ውረዶች ብትጨምርበት የጓደኛህ 190 ያስኬዳል። የአንተ 420 ግን የጎንደርን አቀበት ለሚያውቅ ሰው ስለዚህ መንገድ የተነገረ አይመስልም።

አንድ ቀላል ማረጋገጫ አለ። ከተነሳህበት ቦታ ከተመለስክ የወጣኸውና የወረድከው እኩል መሆን አለበት። የከፍታውን መስመር ተመልከት፤ ከተነሳህበት በር ላይ ቆመህ ሰዓትህ ስልሳ ሜትር ከፍ ብለሃል ካለ ባሮሜትሩ ተንሸራቷል ማለት ነው። ባሮሜትር ከፍታን የሚለካው በአየር ግፊት ነው። በእኛ ከፍታ ግፊቱ 1 ሄክቶፓስካል ሲቀንስ ሰዓቱ 10 ሜትር ገደማ የወጣህ ይመስለዋል። በክረምት ዝናብ ሲመጣ ግፊቱ ይለዋወጣል፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን እንኳ በሐሩር አካባቢ ግፊቱ ረፋድ 4 ሰዓት ግድም ከፍ፣ ቀን 10 ሰዓት ግድም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ስሜን ተራሮች ላይ ቀኑን ሙሉ የሚጓዝ ሰው ሳይወጣው የወጣው 20 ሜትር ገደማ ሊመዘገብለት ይችላል። ሌላው ምክንያት ይበልጥ ተራ ነው፦ የሰዓትህ የግፊት ቀዳዳ በላብና በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል። ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ እጠበው፤ በመርፌ እንዳትነካው።

እርማቱ ‹ኮሬክት ኤሌቬሽን› ነው። ባሮሜትሩን ትቶ ከመሬት ከፍታ መረጃ ያሰላልሃል። ባሮሜትር ከሌለው መሣሪያ የመጣውን መዝገብ ስትራቫ ከመጀመሪያውም በዚሁ መንገድ ነው የሚያሰላው። ገደላማ ቦታ ላይ ግን የካርታው መረጃ ጫፍና ጫፉን ስለሚያለሰልስ፣ ስሜን ላይ ደኅና ባሮሜትር ካለህ እንዳትነካው እመክርሃለሁ።

ጥያቄ (ከሳሙና በር)፦ 20 ኪሎ ሜትር ስሮጥ 14ኛው ላይ ባትሪው አለቀ።

14ቱን እንዳለ ተይው። ቀሪውን 6 ኪሎ ሜትር ከገመትሽው ጊዜ ጋር በእጅሽ አስገቢና በርዕሱ ላይ ‹የቀረው፣ ባትሪ አልቆ› ብለሽ ጻፊ። የሳምንቱ ድምር ይስተካከላል፤ በእጅ የገባው ግን ሴግመንት ላይ አይቆጠርም። ቀሪውን ስልክሽ መዝግቦት ከነበረ ስትራቫ ሁለት መዝገብ አያዋህድም፤ ጂፒኤክስ ፋይሎችን የሚያገጣጥሙ ሌሎች መሣሪያዎች አሉ። ሁለቱን ዋና ፋይሎች አስቀምጠሽ ሞክሪ።

ጥያቄ፦ ቀስ ብዬ ነው የሮጥኩት፤ የልብ ምቴ ግን 175 አለኝ። ሐኪም ልይ?

ሕመም፣ ራስ ማዞር ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ይህ የመተግበሪያ ጉዳይ አይደለም። ደኅና ከሆንሽ ግን የእርምጃሽን ቁጥር ተመልከቺ። በደቂቃ 175 እርምጃ አካባቢ ከሆነ ሰዓቱ የቆጠረው ልብሽን ሳይሆን እግርሽን ነው። በብርሃን የሚለኩ ሰዓቶች ላልተው ሲታሰሩ፣ በተለይ በብርድ ጠዋት ወደ ቆዳ የሚመጣው ደም ሲቀንስ፣ የክንድን ውዝዋዜ ከምት ጋር ያምታታሉ። ከእጅ አንጓ አጥንት አንድ ጣት ከፍ አድርገሽ ጠበቅ አድርጊው። የተበላሸውን ምት ወደ ኋላ ሄዶ በትክክለኛው መተካት አይቻልም፤ በዚያ ቀን ቁጥር ልምምድሽን አታቅጂ።

ጥያቄ፦ 70 ኪሎ ነኝ። 10 ኪሎ ሜትር ሮጬ 320 ካሎሪ ብቻ?

በሩጫ ለአንድ ኪሎ ሜትር በየኪሎ ግራም ክብደት 1 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይወጣል፤ ስለዚህ 700 አካባቢ መሆን ነበረበት። ክብደትህ በፓውንድ ተሞልቶ ይሆናል። 70 ፓውንድ 32 ኪሎ ገደማ ነው፤ መተግበሪያው የአንድ ልጅ ሩጫ አስልቶልሃል። በመለያህ ቅንብር ውስጥ መለኪያውን ወደ ኪሎ ግራም ቀይር።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት በሌለበት ሮጥኩ። ይጠፋብኛል?

ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ምልክቱ የሚመጣው ከሳተላይት ነው። ኢንተርኔት ከሌለ የሚዘገየው መጀመሪያ ቦታህን ማግኘቱ ስለሆነ ሜዳ ላይ ቆመህ ትንሽ ታገስ። ሩጫው ስልክህ ላይ ተቀምጦ ኔትወርክ ሲመለስ ይላካል። እስኪላክ ድረስ ከመለያህ አትውጣ፤ መተግበሪያውንም አታጥፋ። ያን ጊዜ ነው የሚጠፋው።

ጥያቄ (ከቀበሌ 18)፦ የሩጫዬ ካርታ የሚጀምረው ከቤቴ በር ነው። ክሮፕ ላድርገው?

አይ እህቴ፣ ክሮፕ የሮጥሽውን ርቀት ይቀንስብሻል። የካርታውን መነሻና መድረሻ የሚደብቅ ቅንብር አለ፤ የቤትሽን አድራሻ አስገብተሽ ዙሪያውን እስከ 1.6 ኪሎ ሜትር መሸፈን ትችያለሽ፤ ርቀቱ አይነካም። ዛሬውኑ አድርጊው። ስትራቫ ያወጣው የሩጫ ካርታ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ በየአገሩ ያሉ የጦር ሰፈሮችን ቅርጽ አጋልጦ ብዙ አነጋግሯል። ወታደር ያልተጠነቀቀበትን እኛ ብንጠነቀቅበት ምን ይለናል?

ጥያቄ፦ ስልኬም ሰዓቴም ስለሚመዘግቡ ሁሉም ሩጫ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣል።

የልብ ምት ያለውን አስቀርተህ ሌላውን ሰርዝ፤ ከነገ ጀምሮም አንዱን ብቻ አስጀምር።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የእግር ጉዞዬን በደብተር የምጽፈው በእኛ ቀን ነው፤ የልጅ ልጄ ስልክ ላይ አስገባልኝና ቀኖቹ ተዘበራረቁ። ጥምቀት ዕለት የሄድኩት ከዋዜማው ገብቷል።

አባቴ፣ እንዲህ ደብተር የያዘ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል፤ ባትሪው አያልቅም። ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ማግስት በሚመጣው ዓመት ግን መስከረም 1 ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ስለምትሻገር ጥምቀትም ጃንዋሪ 20 ይሆናል። በ2015 መጨረሻ ጳጉሜ 6 ስለነበረች የ2016ቱ ጥምቀት በዚያው መንገድ ዋለ። የልጅ ልጅዎ ሁሉንም ዓመት በአንድ ስሌት ቀይሮት ይሆናል። ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያሉትን የዚያን ዓመት ቀኖች ብቻ አንድ ቀን ወደፊት ይግፋቸው፤ ከዚያ በኋላ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ስለሚገባ ልዩነቱ ራሱ ይስተካከላል። በእጅ የገቡ ስለሆኑ አንድ በአንድ ‹ኤዲት› ብሎ ቀኑን መቀየር ነው፤ ሌላ አቋራጭ የለውም።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ 5 ኪሎ ሜትር የነበረው መንገዴ በድንገት 3.1 ሆነ!

ማይል ነው። ቅንብር ውስጥ ገብተህ ወደ ኪሎ ሜትር መልሰው።