የልጅነት ቁስል በልቦለድ፦ የጸሐፊዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የረጅም ልቦለዴ ተራኪ የአምስት ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ሌሊት ተቃጥሎ እናቷ ትሞትባታለች። ረቂቁን ያነበቡት ሁሉ «ሕፃን አትመስልም» አሉኝ። ቃላቱን አቀለልኩ፣ ዐረፍተ ነገሮቹን አሳጠርኩ፤ አሁንም ያው ነው ይሉኛል። ምን ቀረኝ?

መልስ፦ ከላኩልን ምዕራፍ እንደሚታየው ችግሩ ቃላቱ ላይ አይደለም፤ ልጅቷ ከዕድሜዋ በላይ ይገባታል። በቀብሩ ዕለት «እናቴ ዳግም እንደማትመለስ ተረዳሁ» ትላለች። ሞት የማይቀለበስ መሆኑን፣ ለማንም የማይቀር መሆኑን፣ የሞተ ሰው እንደማይበርደውና እንደማይርበው ልጆች አንድ ላይ አይረዱትም። አብዛኞቹ ሦስቱን የሚያሟሉት ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ቀን ለጎረቤት «እማዬ ሞተች» ብላ፣ ማታ «ስትመጣ በሩ እንዳይቆለፍባት» ልትል ትችላለች። አዋቂ ተቃርኖውን ያያል፤ እሷ አታየውም። እርስዎም አያስረዱላት።

ቀጥሎ ምክንያትና ውጤት አለ። የልጆችን አስተሳሰብ በማጥናት የታወቀው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ከ2 እስከ 7 ዓመት ያለውን አስተሳሰብ ሲያጠና፣ ልጅ ነገሮችን ከራሱ አንጻር ብቻ የማየት ዝንባሌ እንዳለው አሳይቷል። በዚህ ዕድሜ በንዴት የተናገሩት ነገር የሚፈጸም ይመስላል። ያን ማታ ራት እንቢ ብላ «አልወድሽም» ብላ ከነበረ፣ ለእሷ እሳቱን ያስነሳው ያ ቃል ነው። ግን «ጥፋቱ የኔ ነው» አያስብሏት፤ ይህ የአዋቂ ኑዛዜ ነው። ይልቅ ከዚያ ወዲህ የቀረበላትን ሁሉ ሳታስተርፍ ትብላ፤ ሲቆጧት አትመልስ። አንባቢው ምክንያቱን ዘግይቶ ራሱ ሲደርስበት ነው የሚያመው።

ጨዋታዋንም አይርሱ፤ ረቂቅዎ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተጫወተችም። እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቾውቺላ በምትባል ከተማ 26 ልጆች ከነሹፌራቸው ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ታግተው፣ መሬት ውስጥ በተቀበረ የጭነት ተሳቢ ተከተው ነበር። 16 ሰዓት ያህል ቆይተው ራሳቸው ቆፍረው ወጡ። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ሌኖር ቴር እነዚህን ልጆች ለዓመታት ስትከታተል ካስተዋለቻቸው ነገሮች አንዱ ደስታ የሌለው፣ እየተደጋገመ መጨረሻው የማይለወጥ ጨዋታ ነው። ሌላው ደግሞ «ምልክት አይተን ነበር» የሚለው እምነት ነው፦ ከአደጋው በፊት የሆነች ትንሽ ነገር ማስጠንቀቂያ እንደነበረች ልጆቹ ወደ ኋላ ተመልሰው ይተረጉሟታል። ስለዚህ ልጅቷ አሻንጉሊቶቹን በአንድ ክፍል ታስተኛቸው፣ በሩን ትዝጋ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ታውጣ፣ አንዷን ግን ሁልጊዜ ትተዋት። ትዕይንቱን ሦስት ቦታ ይበትኑት፤ በሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ትቆጣለች እንጂ አትስቅም።

አልጋ ላይ መሽናት መመለሱ፣ ጣት መጥባት፣ ምክንያቱ የማይታወቅ የሆድ ቁርጠት፣ ብቻ መተኛትን እንቢ ማለት፣ ሁሉም እውነተኛ ምልክቶች ናቸው። ሁሉንም አንድ ልጅ ላይ ሲከምሩ ግን የሐኪም ቅጽ እንጂ ሰው አይወጣም፤ ሁለት ይበቃሉ።

አሁን እርሳስ ይያዙና በምዕራፉ ውስጥ ያሉትን «ገባኝ»፣ «ተረዳሁ»፣ «ምክንያቱም» በሙሉ ያስምሩባቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፋንታ ያየችውን፣ የሸተታትን፣ የነካችውን ያስገቡ። «ምክንያቱም» የሚቆየው ምክንያቱ ስሕተት ሲሆን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ዋናው ገጸ ባሕርዬ በአንድ ዓመቱ የደረሰበትን በደል በ30 ዓመቱ በምልሰት አንድ በአንድ ያስታውሳል። ይህ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። የአዋቂዎች የመጀመሪያ ትዝታ በአማካይ ከ3 እስከ 3 ዓመት ተኩል ያለው ዕድሜ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ በፊት የደረሰ ነገር አብዛኛውን ጊዜ በታሪክ መልክ ሊተረክ የሚችል ትዝታ አይተውም። ያ ማለት ግን ምንም አልቀረም ማለት አይደለም፤ የሰው ድምፅ ከፍ ሲል መደንገጥ፣ ሲነኩት መሸሽ ይቀራል፣ ምንጩን ሳያውቅ። ዕድሜውን ወደ አራት ወይም አምስት ማሳደግ ቀላሉ መፍትሔ ነው። እኛ የምንመርጠው ግን ሌላ ነው፦ ታሪኩን አክስቱ ትንገረው፣ ከዚያ በኋላ «ማስታወስ» ይጀምር። የትዝታ ተመራማሪዋ ኤሊዛቤት ሎፍተስ የታወቀ ሙከራ ላይ ከ24 ተሳታፊዎች 6ቱ፣ በልጅነታቸው ገበያ ማእከል ውስጥ ጠፍተው እንደነበር የተነገራቸውን ፈጽሞ ያልሆነ ነገር ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል አስታውሰዋል። ገጸ ባሕርይዎ የመጋረጃውን ቀለም ሳይቀር ሲናገር፣ አክስቲቱ መጋረጃ እንዳልነበረ ብታውቅስ? ጥርጣሬው ከምልሰቱ የበለጠ ገጽ ያስገልጣል።

ጥያቄ፦ የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን እናቱ ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ቆይታ ስትመለስ ፊቱን ያዞርባታል። ጓደኛዬ «ሕፃን ሮጦ ይጠመጠማል እንጂ» አለኝ።

መልስ፦ ጓደኛዎ ተሳስተዋል፤ ትዕይንቱን አይንኩት። የልጅና የወላጅን ትስስር ያጠኑት ጄምስ ሮበርትሰንና ጆን ቦልቢ ከወላጅ የተለዩ ሕፃናትን ተከታትለው ሦስት ደረጃ ገልጸዋል፦ መጀመሪያ ለቅሶና ተቃውሞ፣ ከዚያ ተስፋ መቁረጥ፣ በመጨረሻ እናትን እንደማያውቁ መሆን። አሳዳጊዎች ሦስተኛውን «ለመደ» ይሉታል። የጎደለው ተከታዩ ክፍል ነው፦ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሕፃኑ ይጣበቅባታል፣ መጸዳጃ ቤት እንኳ ብቻዋን መግባት ታጣለች። ዝም ያለ ሕፃን ተረጋግቷል ማለትም አይደለም፤ እናታቸው ወጥታ ስትመለስ ግድ የሌላቸው በሚመስሉ ሕፃናት ላይ የልብ ምት ሲለካ ጨምሮ ተገኝቷል።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ገዳዩ በልጅነቱ ይደበደብ እንደነበር በመጨረሻው ምዕራፍ ይገለጣል። አንባቢን ያሳምናል?

መልስ፦ ብቻውን አያሳምንም፤ የተደበደቡ አብዛኞቹ ሰዎች ማንንም አይገድሉምና በተበዳዮቹ ላይ ሌላ በደል ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤሚ ዌርነርና ባልደረቦቿ በሃዋይ ካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርተ ዓመታት ተከታትለው ነበር። በድህነትና በተናጋ ቤት ካደጉትና ከፍተኛ አደጋ ላይ ናቸው ከተባሉት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቁና ለሰው የሚያስቡ ጎልማሶች ሆነዋል። ከሚለዩአቸው ነገሮች አንዱ ከወላጅ ውጭም ቢሆን የሚተማመኑበት አዋቂ መኖሩ ነው። እንግዲህ ገጸ ባሕርይዎ ያን ሰው ለምን አጣ? ነበረና ሄደ? ወይስ እሱ ራሱ ገፋው?

ከዱላው እስከ ግድያው ያለውን ርቀት በልማድ ይሙሉት። የሚደበደቡ ልጆች ግልጽ ያልሆነን ድርጊት እንደ ጥቃት መተርጎም ይቀናቸዋል። በሰባት ዓመቱ ሰልፍ ላይ ሳያየው የገፋውን ልጅ በቡጢ ይበለው። በ13 ዓመቱ የመምህሩን ፈገግታ ንቀት ያድርገው፤ በዚህ ዕድሜ አስተሳሰቡ ረቂቅ ነገር ስለሚችል «ለምን እኔን ብቻ?» ብሎ የድሮውን ዱላ እንደ አዲስ ይመዝነዋል። ምስጢሩንም ከመጨረሻው ምዕራፍ አንስተው መጀመሪያው ሩብ ላይ ያኑሩት።

ጥያቄ፦ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ በአንድ ቀን አናግራ ታድነዋለች። አርታዒዬ ሳቀብኝ።

መልስ፦ ለተጎዱ ልጆች በስፋት የሚሰጠው፣ አሳብና ባህርይ ላይ የሚያተኩረው ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ አሳዳጊውም ይካፈላል። የደረሰበትን መናገር የሚጀምረው አተነፋፈስ፣ መረጋጋትና ስሜትን በስም መጥራት ከተማረ በኋላ ነው። ሁሉንም መጻፍ የለብዎትም፦ ስለ ምንም የማይነጋገሩበትን ሦስተኛውን ቀን፣ ታሪኩን የሚያቋርጥበትን ስምንተኛውን፣ ከዚያም የጻፈውን ታሪኩን ለአሳዳጊው የሚያነብበትን ቀን ይምረጡ።