ሲጋራ ካቆሙ በኋላ የሚመጣ አምሮት፦ የማታው ጥያቄና መልስ

ፋርማሲስቱ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት እዚሁ ነኝ። የምንነጋገረው ሲጋራውን ስለጣሉ ሰዎች ነው፤ ከጣሉት በኋላ በየዕለቱ እየመጣ ስለሚቀሰቅሳቸው ነገር። አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምናችሁ። «አምሮቱ አስቸገረኝ፣ ምን ላድርግ?» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። በስንት ሰዓት? የት? ከማን ጋር? በእጃችሁ ምን ይዛችሁ ነበር? አምሮት ሰዓትና ቦታ አለው፤ ያን ካልነገራችሁኝ የምረዳችሁ ነገር የለም። «አንድ ብቻ ባጨስስ?» የሚለው ጥያቄም መልሱ አይሆንም ነው፤ ማንም አይጠይቀኝ።

የሂሳብ ሠራተኛ፦ ጋሼ፣ ካቆምኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ቡና ስጠጣ ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሌሊትም እንቅልፍ የለኝም። ኒኮቲኑ ገና ከደሜ አልወጣም ማለት ነው?

ፋርማሲስቱ፦ ኒኮቲኑ ወጥቷል። ከመጨረሻው ሲጋራ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሰውነት ይጠፋል። ከምትነግረኝ እንደምረዳው የሚያንቀጠቅጥህ ቡናው ነው። ይህን ነገር ሁሉም ሰው በደንብ እንዲያነበው እፈልጋለሁ።

ጉበታችን ውስጥ ካፌይንን፣ ማለትም ቡና ውስጥ ያለውን አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ። የትምባሆ ጭስ ይህ ኢንዛይም ከልኩ በላይ እንዲበዛ ያደርጋል። ጭሱ ነው እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም። ስለዚህ አጫሽ ሰው ካፌይንን ከሌላው ሰው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት ያስወግዳል። በማያጨስ ሰው ደም ውስጥ ያለው ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ በአጫሹ ሦስት ሰዓት ገደማ። ሲጋራ ስታቆም ኢንዛይሙ በቀናት ውስጥ ወደ ልኩ ይወርዳል። አንተ ግን ያንኑ አቦል፣ ያንኑ ቶና ትጠጣለህ። ሲኒው ያው ነው፤ ደምህ ውስጥ የሚጠራቀመው ካፌይን ግን እጥፍ ሊሆን ይችላል። ልብ መምታት፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ እጅ መንቀጥቀጥ፦ ሰው ይህን ሁሉ «የሲጋራ ሱስ ነው» ይልና ለመረጋጋት ሲጋራ ይለኩሳል። ቡና በቀን ሦስት ጊዜ በሚፈላበት አገር «ሲጋራ አቁም» የሚል መካሪ ሞልቷል፤ «ቡናህንም ቀንስ» ብሎ የሚጨምርበት ግን የለም። ይህ በጣም ያናድደኛል፤ በዚሁ ሰበብ ወደ ሲጋራ የተመለሱ ሰዎችን በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ ቡናህን በግማሽ ቀንስ። ጨርሰህ ተው አላልኩም፤ በአንድ ጊዜ ከተውከው ራስ ምታቱ ሌላ ጣጣ ያመጣብሃል። አቦሉን ከወሰድክ ቶናውን እለፈው፤ ወይም አቦሉን ትተህ ከቶናው ጀምር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ፈጽሞ አትጠጣ።

ልማዱ ደግሞ ሌላ ነው። አእምሮህ ቡናንና ሲጋራን ያጣመራቸው ለዓመታት በየቀኑ ስላገናኘሃቸው ነው። የሚላቀቁት ቡናውን ሳታጨስ ደጋግመህ ስትጠጣው ነው። ቤትህ ሳታጨስ መጠጣት ለመድክ ማለት ግን ካፌው በረንዳ ላይም ለመድክ ማለት አይደለም። አዲስ ቦታ ስትሄድ አምሮቱ እንደ ገና ቢነሣ አትደንግጥ፤ እያንዳንዱ ቦታ ለየብቻው ይለመዳል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወንበርህን ቀይር፤ ከበረንዳው ገብተህ ከማያጨሱት ጋር ተቀመጥ። ሲኒውን ስታስቀምጥ እጅህ ባዶ እንዳይሆን ቆሎ ያዝ።

ትግስት ከባሕር ዳር፦ እናቴ ዘንድ አንዱን ሲኒ አልጠጣም ማለት ጠብ ነው።

ፋርማሲስቱ፦ ግማሽ ሲኒ ይቅዱልሽ። ምክንያቱን ንገሪያቸው፤ እናት ናቸው፣ ይገባቸዋል።

የልደታው፦ ሱሱ በጣም አስቸገረኝ፤ እባክዎ መፍትሔ።

ፋርማሲስቱ፦ መቼ? የት? ከማን ጋር? ከላይ የጻፍኩትን አንብበህ ተመለስ።

ሹፌር ከአዳማ፦ ጋሼ፣ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና እነዳለሁ። ሌሊት እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ጫትና ሲጋራ ነበር። ሲጋራውን ከተውኩ አንድ ወር አለፈኝ፤ ጫቱ ግን ለሥራዬ ያስፈልገኛል። እየቃሙ አለማጨስ ይቻላል?

ፋርማሲስቱ፦ አይቻልም አልልህም፤ ሲሳካለት ያየሁት ሰው ግን በጣም ጥቂት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ ምርቃናው ሲመጣ አጫሽ የነበረ ሰው እጁን የሚሰድደው ወደ ሲጋራ ነው። ምርቃናውን ለማብረድ የሚጠጣው ቢራ ደግሞ የቀረችውን ጥንካሬ ይወስዳታል። ጫት፣ ቢራና ሌሊት አንድ ላይ ከመጡብህ ሦስቱን በአንድ ጊዜ መቋቋም አትችልም። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጫቱን ተው። እንቅልፍን በጫት ማባረር ለአንተም ለመንገደኛውም አደጋ ነው፤ መኪናህን ደህና ቦታ አቁመህ ሃያ ደቂቃ ተኛ። ጋቢናውን እጠበው፣ የወንበሩን ልብስ ቀይር፣ መተርኮሻውን ነቅለህ ጣል። ረዳትህ የሚያጨስ ከሆነ ወርዶ ያጭስ፤ በዚህ ላይ ይሉኝታ አይያዝህ። መፋቂያ በኪስህ ያዝ፤ እጅንም አፍንም ሥራ ያስይዛል።

የድሬ ልጅ፦ አባቴ ዕድሜ ልኩን ቅሟል፤ አንድም ቀን ሲጋራ በአፉ አልዞረም። ሁሉን ነገር በጫት ማሳበብ ልክ አይደለም።

እምነት፦ ሁለቱንም ያስተወኝ ጸሎትና ጸበል ነው። ስለ ኢንዛይም ከማውራት ሰው ወደ ፈጣሪው ቢመለስ ይሻላል።

የድሬ ልጅ፦ እህቴ፣ እኔም ፈጣሪዬን አምናለሁ። ረመዳንን ሙሉ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሳላጨስ እውላለሁ። ካፈጠርኩ በኋላ ነው የምሸነፈው። ታዲያ እምነት ጎድሎኝ ነው?

እምነት፦ እንደዚያ አላልኩም።

ሹፌር ከአዳማ፦ እኔ የጠየቅኩት ስለ መንገድ ነበር።

ፋርማሲስቱ፦ ይብቃችሁ። የድሬው፣ አባትህ አጫሽ አልነበሩም፤ እኔ የምናገረው አጫሽ ስለነበረ ሰው ነው። እምነት፣ ጸሎት የረዳው ሰው አጥብቆ ይያዘው፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። ጸሎቱም ቢሆን ቡናውን መቀነስ አይከለክልም።

የድሬው ልጅ ስለ ማፍጠሪያ ሰዓት ያነሣው ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። ቀኑን ሙሉ አላጨስክም፤ ሰውነትህ ችሎታል ማለት ነው። የሚያሸንፍህ በየዓመቱ በዚያች ሰዓት ከምግብ በኋላ መለኮስን ስለለመድክ ነው። በተምርና በውሃ ካፈጠርክ በኋላ ከምግቡ ተነሥተህ በቀጥታ ወደ ሰላት ሂድ፤ ከሚያጨሱት ጋር ደጅ አትቁም። ቡናውን አዘግየው፣ አሳንሰው። በዐቢይ ጾም አቁሞ የፋሲካ ዕለት የሚመለሰውም ጉዳዩ ያው ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሲጋራ ሳይነካ ጾሞ፣ በመፍሰኪያው ቀን ጠጁ ሲቀዳ ይለኩሳል። የፋሲካን ውሎ ከጾሙ ጀምራችሁ አስቡበት፤ ከማን ጋር እንደምትውሉ፣ ምን እንደምትጠጡ።

ሰለሞን ከሐዋሳ፦ ለሠርግ ቀን አንድ ብቻ ቢጨስ...

ፋርማሲስቱ፦ አይሆንም።

ስሜን አልጽፍም፦ ሴት ነኝ። አጨስ እንደነበር ቤተሰቤ አያውቅም። ሁለት ወር ሆኖኛል። ሰው መካከል ስሆን ትዝም አይለኝ። ባለቤቴ ጠዋት ወጥቶ የበሩ መዝጊያ ሲጮህ፣ ወይም ማታ ሁሉም ተኝቶ ብቻዬን ስቀር ነው የሚመጣብኝ። ለማንም መናገር አልችልም።

ፋርማሲስቱ፦ እህቴ፣ ሰዓቱንም ድምፁንም ነገርሽኝ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምፈልገው። ሌላው ሰው ከሰው ጋር ስለሚያጨስ ሰውን ሲሸሽ ይቀለዋል፤ የአንቺ በተቃራኒው ነው። ብቸኝነትሽ ራሱ ሲጋራውን ይጠራል። ስለዚህ ለጊዜው ያችን ሰዓት ባዶ አትተዪያት። በሩ ሲዘጋ አንቺም ነጠላሽን ደርበሽ ውጪ፤ ሱቅ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ጎረቤት፣ የትም ይሁን። አምሮቱ ብዙ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም። ማታ ደግሞ የምታጨሺበት ቦታ መታጠቢያ ቤት ወይም ጓሮ ከነበረ እዚያ ቆመሽ አታስቢ፤ ሥራ ይዘሽ ግቢ፣ ስትጨርሺ ወዲያው ውጪ። ሽታውን ለመሸፈን ዕጣን ታጨሺ ከነበረ የዕጣኑ ሽታም ይቀሰቅስሻል፤ ለጥቂት ሳምንታት ዓይነቱን ቀይሪ ወይም ተዪው።

ለአንድ ሰው ግን ንገሪ። ባለቤትሽ መሆን የለበትም፤ የምታምኛት ጓደኛ ወይም ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ትበቃለች። በምስጢር ያጨሰ ሰው በምስጢር ቢመለስ የሚያቆመው የለም፤ የምፈራልሽ ይህን ነው።

ስሜን አልጽፍም፦ የዕጣኑ ነገር እውነት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ለምን እንደሚብስብኝ አሁን ገባኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዮናስ፦ ሺሻስ? ሺሻ እኮ በውሃ ተጣርቶ ነው የሚመጣው።

ፋርማሲስቱ፦ ጭስ ነው፤ ውሃው መርዙን አያስቀረውም። ይለፍ።

መቅደስ፦ ካቆምኩ ወዲህ ወፈርኩ።

ፋርማሲስቱ፦ ብዙ ሰው በመጀመሪያው ዓመት አራት አምስት ኪሎ ይጨምራል። ሲጋራው ከሚያደርስብሽ ጉዳት ጋር አይወዳደርም። በእግርሽ ሂጂ፤ ጣፋጩን ቀንሺ።

የመዝገብ ቤቱ፦ ቢሯችን ኮሪደር ላይ ያጨሳሉ፤ ሽታው ወደ ክፍሌ ሲገባ እብድ ሊያደርገኝ ይደርሳል።

ፋርማሲስቱ፦ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፤ ከበርና ከመስኮትም አሥር ሜትር መራቅ አለባቸው። ለአለቃህ አመልክት። እስኪስተካከል መስኮትህን ከኮሪደሩ በሌላ በኩል ክፈት።

ቨርጂኒያ፦ ጋሼ፣ አሜሪካ ነው ያለሁት። የኒኮቲን ማስቲካ ገዝቼ ጠዋት ከቡናዬ ጋር አኝከዋለሁ። ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ስቅታ ይይዘኛል፣ አምሮቱም ያው ነው።

ፋርማሲስቱ፦ እንደ ተራ ማስቲካ እያኘክኸው ነው። ኒኮቲኑ መግባት ያለበት በአፍህ ቆዳ በኩል ነው፤ ከምራቅህ ጋር ስትውጠው ሆድህን ከማቃጠል በቀር አይጠቅምም። ቀስ ብለህ ጥቂት ጊዜ አኝክ፤ የሚለበልብ ጣዕም ሲሰማህ ጉንጭህና ድድህ መካከል ሸጉጠው። ጣዕሙ ሲጠፋ እንደገና። አንዱ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ይቆያል። ደግሞ ከቡና ጋር አይሆንም! ቡናም ሆነ ጭማቂ አፍን አሲዳማ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ኒኮቲኑ አይገባም። ከማኘክህ አሥራ አምስት ደቂቃ በፊትም፣ በማኘክ ላይ ሳለህም ከውሃ በቀር አትጠጣ። ከእንቅልፍህ በተነሣህ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ታጨስ ከነበረ ባለ 4 ሚሊ ግራሙ፣ ካለበለዚያ ባለ 2 ሚሊ ግራሙ ነው የሚስማማህ።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መድኃኒት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። እኛ አገር ግን ፋርማሲ ገብቶ እንደ ልብ ማግኘት አይቻልም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ሽቶ ከምታስመጡ ይህን አስመጡ።

ከመርካቶ፦ ጋሼ፣ ስድስት ወር ሆኖኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ለቅሶ ድንኳን ስናድር ካርታ ከሚጫወቱት ጋር ተቀምጬ አንድ ለኮስኩ። አሁን ሁሉም ነገር የፈረሰ መሰለኝ።

ፋርማሲስቱ፦ ከዚያ ወዲህ አጭሰሃል?

ከመርካቶ፦ ትናንት አንድ። ዛሬ ምንም። ፓኮው ግን ኪሴ ውስጥ ነው።

ፋርማሲስቱ፦ አሁኑኑ ሲጋራዎቹን አርጥበህ ጣልና ተመለስ። እጠብቅሃለሁ።

የልደታው፦ ጋሼ፣ እኔ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው የሚመጣብኝ፤ ሱቅ በደረቴዎቹ ነጠላ ሲጋራ ይዘው ሲያልፉ።

ፋርማሲስቱ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ዝርዝር ብር በኪስህ ይዘህ አትሰለፍ፤ ለታክሲው የሚበቃህን ብቻ ያዝ። ከተቻለ ሰልፉን ከሌላ ፌርማታ ያዝ። ሻጩ የሚያውቅህ ከሆነ «ትቻለሁ፤ አትጥራኝ» በለው። አንድ ጊዜ በግልጽ ከነገርከው በየቀኑ ዓይኑን ከመሸሽ ትድናለህ።

ከመርካቶ፦ ጣልኩት።

ፋርማሲስቱ፦ ጎሽ። ስድስት ወሩ አልፈረሰም። በሁለት ሲጋራ ስድስት ወር አይሰረዝም፤ ሦስተኛውና አራተኛው ናቸው የሚሰርዙት። ለቅሶ ላይ የወደቅክበትን ምክንያት አስተውል፦ ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚቀዳ ቡና፣ የካርታው ጠረጴዛ። ለቅሶ መቅረት አትችልም፤ የምትቀመጥበትን ግን ትመርጣለህ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥ፤ ወይም የዕድሩን ወንበርና ዕቃ ከሚያመላልሱት ጋር ሁን። ማደር ካስፈለገ እስከ እኩለ ሌሊት አምሽተህ ግባ፤ ቡናውን አንድ ጊዜ ብቻ ተቀበል።

ብርሃኑ፦ ካቆምኩ አሥር ቀን ሆነኝ፤ እንቅልፍ የለኝም፣ ልቤም ይመታል። ሱሱ ነው?

ፋርማሲስቱ፦ በቀን ስንት ሲኒ ቡና ትጠጣለህ?

ብርሃኑ፦ አራት፣ አምስት።

ፋርማሲስቱ፦ ለሂሳብ ሠራተኛው የሰጠሁትን መልስ አንብብ። በግማሽ ቀንስ። ደረትህን የሚያምህ ወይም የሚያዞርህ ከሆነ ግን ነገሩን በቡና አታሳብብ፤ ሳትዘገይ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ወንድምየው፦ ጋሼ፣ ታናሽ ወንድሜ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው፤ ኦላንዛፒን ይወስዳል። በቀን አንድ ፓኮ ያጨሳል። ሰኞ ሊያቆም ወስኗል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ተደስቷል። የሚያስፈልገው ዝግጅት አለ?

ፋርማሲስቱ፦ አለ፤ እንኳን ቀድመህ ጠየቅክ። ኦላንዛፒንንም የሚያፈርሰው ቅድም የነገርኳችሁ የካፌይኑ ኢንዛይም ነው። ወንድምህ የሚወስደው መጠን የተስተካከለው እያጨሰ ነው። ሲያቆም ያው ክኒን ደሙ ውስጥ ከፍ ይላል፤ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ሊጥለው፣ ሲነሣ ሊያዞረው፣ ሊደነዝዝ ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ሲጋራ ማቆሙ ጎዳው» ይልና መልሶ ይገዛለታል። ክሎዛፒን የተባለውን ሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ የሚጥል ሕመም እስከ ማምጣት ይደርሳል። ለአስም ቲዮፊሊን የሚወስዱም ያው ነው። በዚህ ምክንያት ማቆሙን አታዘግዩት፤ ለእርሱ ከማንም በላይ ይጠቅመዋል። ሐኪሙ ግን ከሰኞ በፊት ይወቅ፤ መጠኑን የሚቀንሰው እርሱ ነው። በራሳችሁ አንዲት ክኒን አትቀንሱ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጡ። ወደፊት ማጨስ ቢመለስም ለሐኪሙ መነገር አለበት፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ያንስበታል።

ወንድምየው፦ ቅዳሜ የክትትል ክሊኒኩ ክፍት ነው። አብሬው እሄዳለሁ።

ፋርማሲስቱ፦ የመድኃኒቱን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ፤ በቀን ስንት ሲጋራ እንደሚያጨስና ሰኞ እንደሚያቆም በግልጽ ንገሯቸው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደሚነሣ ተከታተለው፤ መንቃት ካቃተው ቀጠሮውን ሳትጠብቅ መልሰህ ውሰደው።