ሞድ ለመሆን ማመልከቻው ላይ ምን ልጻፍ ላልከው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ማይንክራፍት በሚባለው ብሎክ እየሰበሩ የሚገነቡበት ጌም አንድ ሰርቨር ላይ ዓመት ከመንፈቅ ተጫውተሃል፣ ለሞደሬተርነት (ሞድ፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ ሕግ የሚያስከብር ተጫዋች ለመሆን) ሁለት ጊዜ አመልክተህ ሁለቱንም ጊዜ አልተቀበሉህም። ሕጉን በቃልህ ታውቃለህ፣ በቀን አራት አምስት ሰዓት ትገባለህ፣ አጥፊ ስታይ ሪፖርት ታደርጋለህ። «ሦስተኛው ማመልከቻ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» ነው ያልከው። እኔ ስድስት ዓመት ሞድ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ማመልከቻ ከሚያነቡት አንዱ ነኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ የጻፍከው ነገር የሚወስነው በጣም ትንሹን ነው።

ማመልከቻ ሲደርሰን መጀመሪያ ጽሑፉን አናነብም፤ የአመልካቹን ስም ሎጉ ውስጥ፣ ሰርቨሩ በሚይዘው መዝገብ ላይ፣ እንፈልጋለን። ኮርፕሮቴክት የሚባለው መዝጋቢ ፕሮግራም የተጫነበት ሰርቨር ላይ ማን የትኛውን ብሎክ እንደሰበረ፣ ማን የማንን ሣጥን ከፍቶ ምን እንዳወጣ ከነሰዓቱ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ቻቱም እንደዚሁ። ከዚያ የላካቸውን ሪፖርቶች እናያለን። ስንቶቹ እውነት ሆነው ተገኙ? በማን ላይ ነው የተላኩት? በውጊያ ያሸነፈውን ሁሉ «ቺት ያደርጋል» እያለ የሚከስ ተጫዋች ሃያ ሪፖርት ቢልክ ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። ሲሸነፍ ምን ብሎ እንደሚጽፍም እናነባለን። ሲያሸንፍማ ሁሉም ሰው ጨዋ ነው።

ይህን የተማርኩት የሰው ሎግ በማንበብ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ለማመልከት ስነሳ ሦስት ወር ሙሉ ተዘጋጅቻለሁ። አዲስ ሰው ሲገባ «እንኳን ደህና መጣህ» እላለሁ፣ ለጠየቀ እመልሳለሁ፣ ስድብ ሲነሳ «ኧረ ተዉ» እላለሁ። ግን ይህን ሁሉ የማደርገው የታብን ቁልፍ ተጭኜ ከሞዶቹ ማን እንዳለ ካየሁ በኋላ ነበር። እነሱ ከሌሉ ዝም ብዬ ድንጋዬን እቆፍራለሁ። ያኔ ብትጠይቀኝ ለታይታ ነው ብዬ አላምንልህም ነበር፤ ደግ ሰው መሆኔ ነበር የሚሰማኝ። ውድቅ ሲያደርጉኝ ተናድጄ ለዋናው ሞድ «ምን አጠፋሁ?» ብዬ ጻፍኩለት። ከቻት ሎግ የተቆረጠ አራት መስመር ላከልኝ። አንድ አዲስ ተጫዋች ሌሊት በሰርቨሩ ሰዓት 2:14 ላይ «መሬቴን እንዴት ነው የማስጠብቀው?» ብሎ ይጠይቃል። 2:16 ላይ ደግሞ ይጠይቃል። 2:21 ላይ «ሰው አለ?» ይላል። 2:30 ላይ «እሺ» ብሎ ይወጣል። በዚያ ሰዓት እዚያ የነበርነው እሱና እኔ ብቻ ነን። ልጁ ተመልሶ አልመጣም። ዋናው ሞድ ከመስመሮቹ ሥር አንድ ቃል አልጨመረም።

ያ «እሺ» እስከዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። የጠየቀው እኮ ቻቱ ላይ የሚጻፍ አንድ ትእዛዝ ነው፤ ጽፎ ለመመለስ አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

ከዚያ ለአንድ ዓመት ያህል አላመለከትኩም። የሞዶቹን ዝርዝር ማየት ተውኩ። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ማንም የማያይልህ ነገር በከንቱ የሚባክን ይመስላል። እየቆየ ግን ጥያቄ ሳይ እጄ ቀድሞኝ መመለስ ጀመረ። ለሁለተኛ ጊዜ ሳመለክት የጻፍኩት አምስት መስመር ነው፣ ለአንድ ወር ሙከራ ተቀበሉኝ።

ትልልቆቹ ጌሞችም ለይምሰል የሚደረገውን ከእውነተኛው መለየት እንደሚያስቸግር ያውቃሉ። በ2001 የወጣው ሩንስኬፕ ከስማቸው አጠገብ የብር ዘውድ የሚታይ የተጫዋች ሞዶች አሉት፤ ይህን ዘውድ ግን አመልክተህ አታገኘውም፣ ጃጌክስ የተባለው ኩባንያ ራሱ መርጦ ነው የሚጋብዘው። ካውንተር ስትራይክ ግሎባል ኦፌንሲቭ የተባለው የተኩስ ጌም በ2013 ኦቨርዋች የሚል አሠራር ሲጀምር ደግሞ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የተከሰሰውን ሰው ጨዋታ ቅጂ እያዩ እንዲፈርዱ አደረገ። የተከሳሹ ስም ተሸፍኖ ይቀርብ ነበር፣ ፈራጁም ማን እንደሆነ ተከሳሹ አያውቅም ነበር። ለዝና የመጣ ሰው እዚያ ብዙ የቆየ አይመስለኝም።

አሁን ወደሚያምመኝ ነገር ልምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት እስካሁን ካነበብኳቸው ሁሉ የተዋበ ማመልከቻ ደረሰን። ቋንቋው የተጣራ፣ ሐሳቡ የበሰለ። ሎጉ ላይ ሁለት ሦስት የሚያሳስብ ነገር ነበር፤ ቢሆንም ይግባ ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ሳምንት ቤቱን «አስቀያሚ ነው» ያለውን ልጅ ሚዩት አደረገው፣ ቻት ላይ እንዳይጽፍ ዘጋው። ሞድ ቫኒሽ አድርጎ ሳይታይ የትም መግባት ይችላል፤ እሱ በዚህ የተቀናቃኞቹን ድብቅ መጋዘን እየፈለገ ለጓደኞቹ ይነግር ነበር። በመጨረሻ የግንባታ ውድድር ሊደረግ አንድ ሌሊት ሲቀረው ሌላውን ቡድን በሙሉ ባን አደረገ፣ ሰርቨሩ ላይ እንዳይገቡ አገዳቸው። ባኑን ለማንሳት አንድ ደቂቃ አልፈጀብንም። ከቡድኑ አባላት ግን አብዛኞቹ ተመልሰው አልገቡም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ለትልቅ ሥልጣን ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር፤ ለካስ በሞድ ስም ላይ ለሚለጠፍ አረንጓዴ ቀለምም ይሠራል።

ይህን ስልህ ግን «ሞድ መሆን የሚፈልግ ሰው ሞድ ሊሆን አይገባም» ከሚሉት ጋር አልስማማም። ሲጽፉት ያምራል፣ ሥራ ላይ ግን ስሕተት ነው። አሁን አብረውኝ ካሉት ሁሉ የምተማመንበት ልጅ ቦታውን በጣም ይፈልገው ነበር፣ አልደበቀንምም። ማመልከቻው ላይ «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከናንተ ማንም የለም፤ የተላከ ሪፖርት እስከ ጠዋት ይተኛል። እኔ በዚያ ሰዓት ነቅቼ ነው የማመሸው፣ ስጡኝና ልሥራው» ብሎ ነው የጻፈው። የፈለገው ሥራውን ነው። ሥራው ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ጠፋብኝ የተባለ ሰይፍ ፍለጋ አንድ ሰዓት ሎግ ማገላበጥ ነው። በአንድ ሣጥን የተጣሉ ሁለት ጓደኛሞችን መስማት ነው። ልክ ሆነህም መሰደብ ነው። አንዳንዴ ከዚህ ይብሳል፤ የራሴ ቡድን ልጅ ኤክስሬይ (ከድንጋይ ሥር የተደበቀውን የሚያሳይ ቺት) ሲጠቀም በተያዘ ጊዜ ጉዳዩን ለሌላ ሞድ አሳልፌ ሰጠሁ፣ ምክንያቱም ብምረውም ብቀጣውም ልቤን አላምነውም ነበር። ልጁ እስካሁን አያናግረኝም።

አንተ ከጻፍከው ውስጥ አንድ ነገር አሳስቦኛል፣ ስለማስብልህ ነው የምነግርህ። «ሞድ ብሆን ያኔ ሰዎች ይሰሙኛል» ብለሃል። አሁን ካልሰሙህ ያኔም አይሰሙህም፤ ይፈሩህ ይሆናል። እንዲያውም ቀለሙ ከተሰጠህ በኋላ ክርክሩ ይብሳል፣ እያንዳንዱ ቃልህ ይጠመዘዛል። ቀለም ሳይኖርህ ሁለት የተጣሉ ልጆችን አስታርቀህ የምታውቅ ከሆነ ግን በጣም ጥሩ ነው፣ እሱን ጻፈው።

ሦስተኛውን ማመልከቻ ለመጻፍ ከቆረጥክ «ታማኝ ነኝ፣ ታታሪ ነኝ» የሚለውን አውጣው፤ ሁሉም ይጽፈዋል። የምትገባበትን ሰዓት በትክክል ንገራቸው። ሰውን በስሕተት ሪፖርት ያደረግክበት ጊዜ ካለ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግክ ጨምረህ ተርከው። ድሮ ባን ተደርገህ ከሆነም አትደብቅ፣ ሎጉ ላይ አለ። ከላክኸው በኋላ ደግሞ «ምን ደረሰ?» እያልክ አትጎትጉታቸው።

እኔ ብሆን ግን ለጥቂት ወራት አላመለክትም ነበር። ሁለተኛውን ማመልከቻህን የሰርቨሩንና የራስህን ስም ሸፍነህ እዚሁ ብትለጥፈው ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። ከተቻለህ የመጨረሻዎቹን አሥር ሪፖርቶችህንም ጨምርበት፣ እኔ ብዙ ነገር የማየው ከነሱ ነው።