ለኤልክ የትኛው አረር ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮሎራዶ ነው። ዘንድሮ ኤልክ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ላድን ፈቃድ አውጥቻለሁ። ጠመንጃዬ 30-06 ነው። 150 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) ወይስ 180 ግሬን አረር ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔን ከጠየቅከኝ 180ውን ያዝ። ወደ 11.7 ግራም ነው። 150ው ፈጣን ነው፣ ለአነስተኛ አጋዘን አሪፍ ነው፤ የኤልክ ትከሻ አጥንት ግን ቀልድ አያውቅም፣ ከባዱ አረር ሰብሮ እስከ ሳንባው የመዝለቅ ዕድሉ ይሰፋል። ጠመንጃው ሲተኮስ ትንሽ ይራገጣል፣ ቻለው። ደግሞ ክብደት ብቻ አትይ። ሽፋኑ ስስ የሆነ አረር ከቅርብ ተተኩሶ አጥንት ሲያገኝ ሊበታተን ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ ከገዛህ 165ም ይበቃሃል። ሕጉ ለኤልክ ቢያንስ 85 ግሬን፣ ያውም ሲመታ የሚሰፋ አረር ይላል። ጥይት ከቀየርክ ከማደንህ በፊት የጠመንጃህን ማነጣጠሪያ መነጽር ተኩስ ሜዳ ላይ እንደገና አስተካክል።