የቢራ አተላ በሦስተኛው ቀን ለሚሻግትባችሁ

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ጥያቄሽ ይህ ነው። ለተዳቀሉት ላሞችሽ የቢራ አተላ በጭነት ትገዣለሽ፣ በጆንያ አድርገሽ ጥላ ሥር ትደረድሪዋለሽ፣ በሦስተኛው ቀን ይሞቃል፣ ከዚያ ይሻግታል፣ ግማሹ ይጣላል። ሸራ ብታለብሺውም ያው ነው።

ዋናው ችግር ጆንያው ነው። ጆንያ አየር ያስገባል፣ ሻጋታ ደግሞ የሚኖረው በአየር ነው። አተላው ራሱ ከመቶ 75 እስከ 80 እጁ ውኃ ስለሆነ በኮምቦልቻ ሙቀት ክፍት ሆኖ አይቆይም፤ ደሴ ላይ ብርዱ ትንሽ ያግዛል እንጂ መጨረሻው አንድ ነው። ስለዚህ አየር በማይገባበት ዕቃ ውስጥ ጠቅጥቀሽ አብላዪው፣ ማለትም እንደ ሊጥ ይኮምጥጥ። እሱንም በመጣበት ዕለት፣ ለነገ አትበይ።

ለ100 ኪሎ አተላ 20 ኪሎ ያህል ደረቅ ነገር ያስፈልግሻል። ግማሹ ፉርሽካ፣ ግማሹ በደንብ የተከተፈ የማሽላ አገዳ ወይም የጤፍ ጭድ ይሁን። ውኃው ከበዛ የማንፈልገው ባክቴሪያ ይነሣና የተበላሸ ቅቤ የመሰለ ሽታ ያመጣል፣ ላሞቹም አይነኩትም። ከዚያ 3 ኪሎ ሞላሰስ (ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ) በትንሽ ለብ ባለ ውኃ በጥብጠሽ ጨምሪበት። የብቅሉ ስኳር አብዛኛው ወደ ቢራው ሄዷል፤ አሲድ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ ያለ ስኳር አይሠሩም።

ልኩን እጅሽ ይነግርሻል። አንድ እፍኝ ይዘሽ አጥብቀሽ ጭመቂ። በጣቶችሽ መሃል ውኃ ጠብ ካለ ደረቁን ጨምሪ። እጅሽን ስትከፍቺ ወዲያው ከተበተነ በጣም ደርቋል። ቅርጹን ይዞ ቆይቶ ቀስ ብሎ ከተፈታና መዳፍሽን ብቻ ካረጠበ፣ በቃ፣ ደርሷል።

ክዳኑ የሚገጥም ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ይበቃል። ግን እባክሽ ኬሚካል ወይም ማቅለሚያ የነበረበትን በርሜል ርካሽ ነው ብለሽ አትግዢ፣ ታጥቦ አይለቅም። አንድ ስንዝር ያህል እየጨመርሽ፣ በእያንዳንዱ ድርብ ጠቅጥቂው፤ አብዛኛው ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው፣ ያልተጠቀጠቀ በርሜል ውስጥ የቀረው አየር ለሻጋታው ይበቃዋል። እስከ አፉ ሙዪው፣ ላዩን በላስቲክ ሸፍነሽ ክደኚው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክዳኑ በጋዝ ከተነፋ ላላ አድርገሽ አስተንፍሺና መልሰሽ አጥብቂ።

ከሦስት ሳምንት በፊት አትክፈቺው። ጥሩ የተብላላ እንደ እንጀራ ሊጥ ደስ የሚል ኮምጣጣ ሽታ አለው፣ ሲነኩትም አይሞቅም። ከተከፈተ በኋላ በየቀኑ ከላይ ገፈፍ እያደረግሽ አውጪና ወዲያው ክደኚ። ለአንድ ላም በቀን ከ2 ኪሎ ጀምረሽ በሳምንት ውስጥ ቀስ እያልሽ ጨምሪ፣ ድርቆሹን ግን አታስቀሪባት። አተላ ካልሲየሙ ትንሽ ስለሆነ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ጨው ይኑር።

አሁን በጆንያ የሻገተውስ ላልሽው፦ በርሜሉ ውስጥ አትቀላቅዪው። ማብላላት የሻጋታን መርዝ አያጠፋም። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ከመኖ ወደ ወተት ያልፋል፣ ወተቱን ማፍላትም አያስወግደውም፣ ያንን ወተት ደግሞ ልጆች ይጠጡታል። ለበሬ ወይም ለዶሮ ይሁን የሚሉሽንም አትስሚ። ከፍግ ጋር ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ጨምሪውና ለጓሮሽ ይሁን።