የአገር በግ ጸጉር ለሹራብ ይሆናል ወይ?

ሰላም እህቴ። ከመርካቶ የምትገዢው የኪሮሽ ክር ሰልችቶሻል። አዲስ አበባ ዳርቻ ካለ የበግ እርባታ ጸጉር አምጥተሽ፣ ራስሽ ፈትለሽ፣ ለልጆችሽ ሹራብ መሥራት ፈልገሻል። ልጆቹንም ይዤ ልሂድ ወይ ብለሻል። የምኖረው ሰንዳፋ ነው፣ ሱፍ መፍተልም እወዳለሁ፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሹራቡን ተዪው። የአገራችን ሱፍ ለልጅ አንገት አይሆንም፣ ይኮሰኩሳል። የመንዝ ሰው ከበጉ ጸጉር ባና፣ በርኖስና ምንጣፍ የሚሠራው ወዶ አይደለም፤ ጸጉሩ ሻካራና ጠንካራ ስለሆነ ነው። ባና ደርቦ የተኛ ሰው የደጋ ብርድ አይደፍረውም፤ ግን ከሥሩ ነጠላ ወይም አንሶላ ያደርጋል። አንቺም ምንጣፍ፣ የወንበር ልባስ፣ ቦርሳ አስቢ። ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ያለ ቀለም ብቻውን ያምራል።

ለሹራቡ ለስላሳ ክር ግዢ። ግን ሻጩ «ሱፍ ነው» ስላለሽ ብቻ አትመኚ። ጫፉን ቆርጠሽ ለኩሺው። እውነተኛ ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቂው ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። አርቴፊሻሉ ግን ይቀልጥና ጠጣር ጠብታ ይሆናል።

ወደ እርባታው እንምጣ። ሁሉም በግ ሱፍ የለውም። የወለጋው የሆሮ በግ ለምሳሌ ጸጉሩ አጭርና ልሙጥ ነው፣ ለፈትል አይረባም። በከተማው ዳር ያለው ብዙው ቦታ ደግሞ ማድለቢያ ነው፤ በጉ ከየቦታው ተገዝቶ ለበዓል ይሸጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ደውለሽ «ጸጉራም የመንዝ በግ አላችሁ? መቼ ትሸልታላችሁ?» በያቸው። ይስቁብሽ ይሆናል፣ ግድ የለም። እኔ በሄድኩባቸው ቦታዎች ጸጉሩን የሚፈልገው ስለሌለ ዋጋ እንኳ አይቆርጡለትም። ለሸላቹ የሻይ መስጠት ግን ደንብ ነው።

ክረምት ላይ አትሂጂ። እርጥብ በግ አይሸለትም፣ ጭቃውም አያስገባም። የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ሰሞንም ይቅር፤ ያኔ የሚያናግርሽ አታገኚም። ሲሸለት ቆመሽ እዪ። «በሸላቾቹ ፊት ዝም እንደሚል በግ» የሚለው እውነት መሆኑን ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። አንቺ የጀርባውንና የጎኑን ጸጉር ምረጪ። የሆዱና የእግሩ አጭርና ቆሻሻ ነው፣ የአንገቱ ደግሞ ጭድና ጭጎጊት የሞላበት ነው።

ልጆቹ ዳቦ ይዘው እንዳይሄዱ። በግ ያልለመደውን ዳቦ ወይም እህል በብዛት ከበላ ሆዱ ይታመማል፣ ሊሞትም ይችላል። ሣር ይስጡ፣ እሱም ባለቤቱን ጠይቀው። ሲመለሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ነፍሰ ጡር አብራችሁ ካለች ከሚወልዱት በጎችና ከግልገሎቹ ትራቅ፤ ጽንስ የሚጎዱ በሽታዎች ከነሱ ይተላለፋሉ።

አጠባው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላሽበት። ጸጉሩ ቅባት አለው፣ ቅባቱ በቀዝቃዛ ውኃ አይለቅም። እጅ የማያስገባ ሙቅ ውኃ ላይ ሳሙና ጨምረሽ ጸጉሩን ንከሪው። አትሺው፣ አታማስዪው። ውኃው ሳይቀዘቅዝ አውጪና ሙቀቱ ተቀራራቢ በሆነ ውኃ አለቅልቂ። የሱፍ ጸጉር እያንዳንዱ ላዩ ላይ ቅርፊት አለው፤ ሙቀት፣ ሳሙናና መታሸት ሲገናኙ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዝና ጸጉሩ ይጠብቃል። ከጠበቀ በኋላ የሚፈታው የለም። ይህንኑ ጠባዩን ግን ለልጆቹ ጨዋታ አድርጊላቸው። የታጠበ ጸጉር አንዱን በቁም አንዱን በአግድም ደራርበው፣ ሙቅ የሳሙና ውኃ አፍስሰው፣ በመዳፍ ይሹት። ወፍራም ጨርቅ ይወጣዋል፣ የብርጭቆ ማስቀመጫ ይሆናል። የኔዎቹ ለሹራብ ደንታ የላቸውም፣ ይሄን ግን ቀኑን ሙሉ ይሠሩታል።

ሲደርቅ በጣት አፍታቺው፣ ከዚያ በደጋን ይነደፍ፤ እንደ ፈንዲሻ ይፈካል። ደጋን ካጣሽ የውሻ ማበጠሪያ ሽቦ ይሠራል፤ ነውር የለውም። ፈትሉን ግን ከቪዲዮ ላይ አትማሪ። እናትሽ ወይም ጎረቤትሽ ጥጥ የፈተሉ ከሆነ እንዝርቱን ስጫቸው። ጥጥ አጭር ስለሆነ ለመፍተል ከሱፍ ይከብዳል፤ ጥጥ የለመደ እጅ ሱፍን ቶሎ ይይዘዋል። ለወፍራም ክር ትንሽ ከበድ ያለ እንዝርት ይሻላል።

ባናና ምንጣፍ ሲሠራ ማየት ካማረሽ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ በጠዋት ከተነሳሽ ደርሰሽ ትመለሻለሽ። ጸጉሩን ለማምጣት ጆንያ ያዢ። ፌስታል ውስጥ ይታፈናል፣ ይሻግታልም። ቶሎ የማትፈትይው ከሆነ አጥበሽ በደንብ አድርቀሽ አስቀምጪ፣ አልፎ አልፎም ፀሐይ ላይ አውጪው፤ ብል ሱፍ ይወዳል።