መጽሐፉ ተርፎ ሙያው እንዴት ጠፋ?

የጥንቱ ሮማዊ የሕንፃ ባለሙያ የቪትሩቪየስ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ከደረሰ የሮማውያን ኮንክሪት አሠራር እንዴት ጠፋ ብለህ ለጠየቅኸው፦ የጠፋው ጽሑፉ ሳይሆን ሠሪውና አሠሪው ነው።

መጽሐፉ ለባሕር ውስጥ ግንባታ አንድ እጅ ኖራ ለሁለት እጅ የእሳተ ገሞራ አመድ ይላል። አመዱ የሚመጣው ከኔፕልስ አጠገብ ነው። ውሃው ምን ያህል ይሁን፣ ድብልቁ እንዴት ይጠቅጠቅ የሚለው ግን ከጌታው አጠገብ ቆመው፣ እጅን ኖራ አስነክተው የሚማሩት ነው። በምዕራቡ የሮም ግዛት ግብሩ ሲቋረጥና የመርከብ ንግዱ ሲዳከም ትልቅ ሥራ የሚያዝዝ ጠፋ፤ ሥራ ከሌለ ደግሞ ግንበኛው ለልጁ ምን ያወርሳል? እ.ኤ.አ. በ537 ጎቶች የተባሉት የጀርመን ነገዶች ሮምን ከብበው የውሃ መስመሮቿን ቆረጡ። ከፊሎቹ በኋላ ቢጠገኑም፣ ሕዝቧ እጅግ ለተመናመነ ከተማ ሁሉንም መልሶ ማስፈሰስ ከአቅም በላይ ነበር።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ ለዓመታት ለተማሪዎቼ «የምዕራቡ ግዛት በወደቀበት በ476 ሁሉም ነገር ጠፋ» እያልኩ አስተምሬአለሁ፤ ስህተት ነበር። በዚያው በ537 በምሥራቁ የሮም ግዛት ዋና ከተማ በቁስጥንጥንያ የሐጊያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያን ግዙፍ የጡብ ጉልላቷን ተሸክማ ተመርቃለች። ስለዚህ «ጠፋ» ብለህ ስትጽፍ የት እንደ ጠፋ አብረህ ጻፍ።